ሁለት የግራ እጅጌ

መካነ ሰላም፣ ቤታችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ያቆምኩት ደሴ ለጥቂት ወራት ሙያውን ተምሬ በተመለስኩ ሰሞን ነው። ያኔ በከተማው ከኔ የተሻለ ልብስ ሰፊ ያለ አይመስለኝም ነበር። የሰፋሁት ሲበላሽ ጥፋቱ የኔ ሆኖ አያውቅም። አንዴ ክሩ ነው፣ አንዴ መብራት ጠፍቶ ነው፣ አንዴ ጨርቁ ነው። የደጎሎን መንገድ በሚኒባስ የሚመላለሰው ባለቤቴ ዐመሌን ስለሚያውቅ፣ የሰፋሁለት ሱሪ ሲጠበው ቀድሞኝ "መብራት ጠፍቶ ነበር መሰለኝ" ይላል። እኔም አኮርፈዋለሁ።

ኢድ ሊደርስ ሲል ከኛ ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ እናት ጨርቅ ይዘውልኝ መጡ። ባለቤታቸው ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም በሰፈሩ የተከበሩ ናቸው። ጨርቁን የላከችላቸው አረብ አገር ያለችው ልጃቸው ናት። አረንጓዴ ነው፤ ፊቱ ላይ ቢጫ አበባ ታትሞበታል፣ ጀርባው ግን ደብዛዛ ነው። ከቀሚስና ከአንድ ሻርፕ አያልፍም።

ሌላ ጊዜ ጨርቁን አጥፌ ሁለቱንም እጅጌ ባንዴ ነው የምቆርጠው። እንደዚያ ሲሆን አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ሆኖ ይወጣል። ያን ቀን ግን የሻርፑን ለይቼ የተረፈው ጨርቅ ለማጠፍ አልበቃኝም። ስለዚህ አንዱን ቆረጥኩና እሱኑ በቀሪው ጨርቅ ላይ አስተኝቼ ሁለተኛውን በልኩ ቆረጥኩ። መገልበጥ እንዳለብኝ አላሰብኩም። የገበያ ቀን ስለነበረ በረንዳው በሴቶች ተሞልቶ ነበር። እያወራሁ፣ መቀሱን ሳላይ መቁረጥ እንደምችል ላሳያቸው እየፈለግሁ ነበር።

ሴቶቹ ሲሄዱ የቀኙን እጅጌ ልገጥም አነሳሁ። ቅርጹ ከትከሻው ጋር ሲገጥም አበባው ወደ ውስጥ ዞረ። ስገለብጠው አበባው ወደ ውጭ ወጣ፣ ቅርጹ ግን እምቢ አለ። ሁለቱም የግራ ነበሩ። ያን ዓይነት ጨርቅ እንኳን እኛ ከተማ ደሴም የሚገኝ አልመሰለኝም።

እጅጌዎቹን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ እሳቸው ቤት ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስሰካካ ነበር። "ጨርቁ አንሷል" ልላቸው ነው። ስደርስ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሰላምታችን ረዘመ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝና ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ውሸት እዚያ ቁጭ ብዬ የሚወጣ አልሆነም።

"እማማ፣ አበላሽቻለሁ። ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ቆርጫቸዋለሁ" አልኳቸው።

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉና እጅጌዎቹን ተቀበሉኝ። አንዱን በግራ እጃቸው፣ ሌላውን በቀኛቸው ላይ ጠቅልለው አገላበጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"ልጄ ፎቶዬን ብታይ፣ እናቴን ቀኝ እጇን ምን ነካት ትላለች" አሉ። ቀጥለውም፣ "አብሽሪ። ሻርፑን እጅጌ አድርጊው። እኔ በነጩ ሻርፔ እከናነባለሁ" አሉኝ።

ልጃቸው ሻርፑን ከቀሚሱ ጋር እንዲመሳሰል አስባ እንደላከች አውቃለሁና አፈርኩ። የስፌቱን ዋጋ አልቀበልም አልኳቸው። እሳቸው ግን ሠርተሽ የለም ወይ ብለው ከለከሉኝ። የተረፈችውን የግራ እጅጌ ደግሞ ለሙስበሃቸው፣ ለመቁጠሪያቸው፣ ከረጢት እንዳደርግላቸው አዘዙኝ።

ለሻርፕ የተተወው ጨርቅ ሲለካ ለእጅጌው ትንሽ አጠረ። ብብታቸው ሥር ቁራጭ ቀጠልኩበት። የኢድ ቀን ከሶላት ሲመለሱ በደጃችን አለፉ፤ ቀሚሱ አምሮባቸው ነበር። እኔን ሲያዩ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። ቅጥያውን ከሁለታችን በቀር ያየው የለም።

ከዚያ በኋላ ወዲያው ጎበዝ የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ፈሪ ሆንኩ። እንዳይጠብ ብዬ የሁሉንም ልብስ ማስፋት ጀመርኩ። የተማሪ ወላጆች ደስ አላቸው፤ አንድ ዩኒፎርም ሁለት ዓመት ሊለበስ ነው። ከከላላ የመጣች አንዲት ሙሽራ ግን ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማ፣ "እህቴ፣ እኔ ነኝ የማገባው ወይስ ድንኳኑ ነው?" አለችኝ። ይሄኛውም የኔ ጥፋት ነው አልኳት። ፈታሁት። ሰውነቷ ላይ እያስለበስኩ፣ በስፒል እየያዝኩ እንደገና ሰፋሁላት። አሁን ለሁሉም የማደርገው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ በእጅ ላላ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ባለቤቱ ይለብሰዋል፣ ከዚያ ነው መኪናው የሚነሳው። እየቆረጥኩም አላወራም። ደንበኞቼ ሲቆረጥ ዝም ማለት እንዳለባቸው ለምደዋል።

ዛሬም እሳሳታለሁ። ባለፈው ገበያ የአንድ መምህር ኮት ኪስ ዝቅ ብሎብኝ ነበር። ሊወስደው ሲመጣ ራሴ አሳየሁትና ለማግስቱ ቀጠርኩት። እሱም እሺ ብሎ ሄደ። ኪሱን ፈትቼ በቦታው መለስኩት፤ ጀንበር ሳትጠልቅ በረንዳውን ጠርጌ፣ መኪናዬን ሸፍኜ ገባሁ። ባለቤቴም ከደጎሎ ገብቶ ነበር፤ ራት አብረን በላን።