ለእማሆይ ቤት የቆረጥኩት ወይራ

ይህን ነገር ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ጥቃቅኑን ስናዘዝ ኖሬ ይኼን ዋጥኩት። አሁን አርጅቻለሁ፣ ነገሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። አንቱ አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም፤ የደፈርኩትም ለዚህ ነው። ይስሙኝና ይፍረዱ።

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ሰፍሮ፣ ካሚዮኑ ቆላውን አቧራ በሚያለብስበት ዘመን እኔ ጥላሁን ቀወት ውስጥ ስሜ የተጠራ አናጢ ነበርኩ። ኩራቴስ አይጣል! ከመንደራችን በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። እዚያ ዋሻ ውስጥ አንዲት አሮጊት መነኩሴ ይኖሩ ነበር፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ክረምት ሲገባ ዋሻው እያንጠባጠበ ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። ቄሰ ገበዙ አስጠሩኝና ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት ሥራላቸው አሉኝ።

«ልጄ፣ ቤት አትሥራልኝ» አሉኝ እማሆይ። «ዝም የምልበት ጥላ ይበቃኛል።»

ልኩን የወሰድኩት ከራሳቸው ነው። ቁመታቸው ርዝመቱ፣ ለጸሎት የሚዘረጉት ክንዳቸው ወርዱ ሆነ። የሚገባ ሁሉ ጎንበስ እንዲል በሩን ዝቅ አደረግኩት። በምዕራብ ገብተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ የንጋት ብርሃን እንዲያገኛቸው አንዲት ጠባብ ክፍተት ተውኩላቸው። ሚስማሩ የጣልያን ነው ብለው ስለተጸየፉት ሁሉን በእንጨት ችንካርና በጠፍር አያያዝኩት። አሁንም ሳስበው እጄ ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ እጅ ነው እንግዲህ ያን ያደረገው።

የቀረው ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶ ነበር። ቄሰ ገበዙ ከመጀመሪያው ነግረውኛል፦ የወደቀ እንጨት ውሰድ፣ ቋሚ ዛፍ ግን አትንካ፣ ውግዝ ነው። የወደቀውን ሁሉ ምስጥ በልቶታል። ደህና ምሰሶ ከፈለግኩ ገደሉን ተሻግሬ ማዶ መሄድ ነበረብኝ። ሰነፍኩ። ደግሞ ከቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ወይራ ቆሞ ነበር፤ እንደሱ ቀጥ ያለ ወይራ አይቼ አላውቅም። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ቆረጥኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ማንም አላዘዘኝም።

ግንዱን በግመሉ የጎተተልኝ ወዳጄ ሰይድ ነው። ሰይድ የታችኛው መንደር እስላም፣ አሊዩ አምባ እየወረደ የሚነግድ፣ ሳቂታ ሰው ነበር።

«ፈቃድ አለህ ወይ?» አለኝ ዛፉን አይቶ።

«አለኝ።»

«ወላሂ በል።»

«ሂድ ወዲያ! በእናንተ መሐላ ልታስምለኝ ነው እንዴ?» አልኩት። ሳቀና ግመሉን ነዳ። እኔም ጉቶውን አፈርና ቅጠል አልብሼ ደበቅኩት፤ ለቄሰ ገበዙም ምሰሶውን ከማዶ አመጣሁ አልኳቸው። የእማሆይ ዓይን ደክሟል፤ ዛፉ መጉደሉን አላዩም።

ሥራዬን ስጨርስ በሩ ላይ ተቀምጬ ላቤን ጠረግሁ። ቀና ብል የመኪናው መንገድ ታየኝ! ከዚያ በፊት ከዚያ ቦታ ታይቶ አያውቅም፤ ወይራው ነበር የሚሸፍነው። ካሚዮን አቧራውን እያቦነነ ሲያልፍ ወለል አድርጌ አየሁት። እኔ እሱን ካየሁ እሱስ እኔን አያይም? አሰብኩት እኮ! ሳላስበው ቀርቼ ቢሆን ዛሬ እንቅልፍ በኖረኝ። ቁጥቋጦ ቆርጬ ላጥረው እችል ነበር። ግን አጥር ለምን አስፈለገ ብለው ቄሰ ገበዙ ቢጠይቁኝስ? መሣሪያዬን ሰብስቤ ወረድኩ።

እማሆይ መቃኑን ስመው ገቡ። «እጅህን ይባርከው» ብለው መረቁኝ። ምነው ያኔ በቆረጠው!

ብዙም ሳይቆይ እርሻዬ ላይ ሳለሁ ተኩስ ሰማሁ። የጣልያን ካሚዮን የቆመው እዚያው እኔ ከበሩ ያየሁት መንገድ ላይ ነው። አዲስ የተላገ እንጨት በደኑ መሐል ሲነጣ ታይቷቸው፣ የአርበኛ መሸሸጊያ መስሏቸው፣ በመትረየስ ደበደቡት። ከዚያም ወጥተው እሳት ለቀቁበት። እማሆይ ከውስጥ ነበሩ። የደኑ ግማሽ አብሮ ነደደ፤ የእኔም ጉቶ አብሮ አመድ ሆነ።

ያ ቦታ ከመንገድ እንደማይታይ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ማን ጠቆመ? ተባለና ሽማግሌዎች አውጫጭ ተቀመጡ። አውጫጭ ሲባል አገር ሙሉ ይሰበሰባል፤ በደለኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሮ ይናገራል፤ ወፌ እንዲህ አለችኝ ይላል እንጂ አየሁ አይልም፣ ስሙም አይወጣም። ደካማው ጉልበተኛውን ሳይፈራ እውነቱን እንዲያወጣ የተበጀ ነገር ነው። እኔን የመሰለው ፈሪ ምን እንደሚያደርግበት ማን አሰበ?

ተራዬ ደረሰ። ወይራውን ቆርጬዋለሁ ማለት ብቻ ነበር። ውግዘቱን ፈራሁ፣ ሕዝቡን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ስሜን ፈራሁ። ከሽማግሌው ጆሮ ተጠግቼ «ወፌ ሰይድን ከጣልያን ሰፈር ሲወጣ አይታዋለች» አልኩ።

ሰይድ ወተት ይሸጥላቸው ነበር። ግማሹ ቆላ ይሸጥላቸዋል። ውሸት አልተናገርኩም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሰይድን አስነሡት። «ወተት ሸጫለሁ» አለ። «እማሆይን ግን እንዴት እጠቁማለሁ? የቤታቸውን ምሰሶ በግመሌ የጎተትኩ ሰው ነኝ!»

«ቤቱ ያለበትን ያውቀዋል ማለት ነዋ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሕዝቡ ተነሣ። ሰይድ በዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ። «ጥላሁን፣ አንተ ንገራቸው እንጂ!» አለኝ።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ምን ነበረበት አንድ ጊዜ ቀና ብል?

በዚያው ቀን ቤቱን አፈረሱበት፣ ግመሉን ቀሙት። ሚስቱ ዘይነባ ሕፃን አዝላ ከኋላው ወደ በረሃው ወረደች። ዘይነባን መንገድ ላይ ንዳድ እንደገደላት ኋላ ሰማሁ። ሰይድም አሊዩ አምባ ሸክም ሲሸከም ኖሮ ሞተ አሉ። ጣልያን ሲወጣ ጸሎት ቤቱን እንደገና የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አገር አመሰገነኝ። ድንቄም ደግ ሰው!

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይቅር የሚለኝ ሰው ሞቷል። የተናዛዥን ምስጢር መጠበቅ ወግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንቱ ግን የእኔን አይጠብቁብኝ። ያ ሕፃን አድጎ አሊዩ አምባ ገበያ በርበሬ ይሸጣል፤ ዛሬም የባንዳ ልጅ ይሉታል። እኔ በጆሮ ሹክ ያልኩትን አንቱ ገበያ መሐል ቆመው ይመልሱልኝ። ወይራውን የቆረጠው ጥላሁን አናጢው ነው፣ ሰይድ ማንንም አልጠቆመም ይበሉ።

ራስህ ለምን አትሄድም ይሉኛል። ሄጄ ነበር። ፊቱ ቆምኩ፤ ቁርጥ አባቱን። አፌን ከፈትኩና «በርበሬ ስፈርልኝ» አልኩት። ሰፈረልኝ። ከዚያ ሳቅ ብሎ «አባባ፣ ምርቃት ልጨምርልዎ?» አለኝ።

ጨመረልኝ። ተቀብዬው መጣሁ።