መሙያውን የከፈትኩ ቀን

ሻኛ እንላት ነበር። የበሬ ሻኛ ትመስላለች፤ ከሜዳው ብድግ ያለች ቀይ ኮረብታ፣ ዛፍ የላት፣ ውሃ የላት። እውነተኛ ስሟን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፣ ሁላችንም ከሩቅ ነው የመጣነው። ሻኛ ላይ የኛ እግረኛ ምሽግ ቆፍሮ ተቀምጧል። ከሻኛ ማዶ ሌላ ኮረብታ አለ፣ እዚያ ያለው የሶማሌ ጦር ነው። እኛ መድፈኞቹ ደግሞ ከሻኛ ኋላ፣ በእግር አንድ ሰዓት ርቀን፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነበርን። ይቺን ከያዛችሁ የቀረውን ትረዱታላችሁ፤ ከፊት ጠላት፣ መሃል ወገን፣ ኋላ እኛ። መድፉ የሚተኩሰው በወገን ራስ ላይ አሳልፎ ነው።

እኔ ተኳሽ ሆኜ አልሄድኩም። ከጂንካ ሚሊሺያ ሲወጣ ሴትም ይሂድ ተባለና ስድስት ሆነን ወጣን። በጭነት መኪና ተጭነን፣ ቀይ አፈር ከተማን አልፈን፣ የወይጦን ወንዝ አልፈን፣ ስንት ቀን እንደሄድን እንጃ። ምግብ አብሳይ ብለው መዘገቡኝ። በኋላ ወባ ጥይት አቀባዮቹን ሲጥላቸው «ያቺ ጠንካራዋ ትምጣ» አሉ፣ መጣሁ። ጥይቱን ከሣጥን አወጣለሁ፣ የተቀባበትን ግራሶ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ለአስር አለቃ ኦይታ አቀብላለሁ። ተኩስ ሳይኖር ደግሞ ዕቃ እወለውላለሁ።

ኦይታ ያገሬ ልጅ ነው፣ አሪ ነው፣ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ። አምስተኛ ክፍል ደርሷል። እኔም አሪ ነኝ፣ ግን አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ለናንተ ይሄ ምንም አይደለም። ያን ጊዜ ግን ማና ይሉናል፤ ገበሬው ማረሻውን ከኛ ይወስዳል እንጂ ቤታችን ገብቶ እህል አይቀምስም። ጦር ሜዳ ላይ ከኦይታ ጋር ካንድ ሳህን በላን። መቀለዱን ግን አልተወም።

«ቀጥቃጯ፣ መድፉን ማረሻ እንዳታደርጊብን!» ይለኛል።

«አደርገውና አንተን እጠምድበታለሁ» እለዋለሁ።

የመድፍ ጥይት አፍንጫው ላይ ፊውዝ የሚባል ይጠመዳል። አንዳንዱ ፊውዝ መሬት ሲመታ ነው የሚፈነዳው። አንዳንዱ ግን ሳያርፍ፣ አየር ላይ እያለ፣ በተባለበት ቦታ ላይ ይፈነዳል። ይሄን መጀመሪያ ሳይ ገረመኝ።

«ማን ነገረው እዚህ ጋ ፈንዳ ብሎ?» አልኩት ኦይታን።

«ውስጡ ሰዓት አለ።»

«የእጅ ሰዓት?»

«እንደሱ ያለ። ትሞዪዋለሽ፣ ሲተኮስ መቁጠር ይጀምራል፣ ቆጥሮ ሲጨርስ ይፈነዳል።»

«በኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?»

ጥይቱን አስቀምጦ ሳቀ። «በሴኮንድ ነው! አስራ ስምንት ካልኩት አስራ ስምንት ይቆጥራል፣ በቃ።»

ፊውዙ የሚሞላው በመሙያ ነው። መሙያው እጅ የሚሞላ ብረት ነው፤ የተደፋች ትንሽ ጣሳ በሉት። ጣሳዋን ቀለበት ዞሯታል፣ ቀለበቱ ላይ ጭረትና ቁጥር አለ። አዛዣችን ሻምበሉ ቁጥር ሲጠራ ኦይታ ቀለበቱን ቁጥሩ ላይ ያመጣና ያጠብቀዋል። ከዚያ ጥይቱ አፍንጫ ላይ ይደፋውና ወደ ቀኝ ያዞራል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ቀጭ! ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። በቃ ፊውዙ ተሞላ። ቀጣዩ ጥይት ላይ ይደፋል፣ ቀጭ። ሁሉም እኩል ቦታ ላይ ይቆማሉ።

ያቺ ቀጭ ዕረፍት ነሳችኝ። ማን ነው የሚያቆማት?

«ኦይታ፣ ውስጡ ምንድነው?»

«ብረት።»

«ብረቱማ ይታየኛል። ብረቱ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ሠራሁት እንዴ? ሂጂ ጥይትሽን ጥረጊ!»

ሻምበሉንም ጠየቅኩት። ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚሞላ አንድ በአንድ አሳየኝ። ለምን እንደሚቆም ግን እሱም አላወቀም። ሁሉም ይሠራበታል፣ የሚያውቀው የለም።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ተኩስ የለም፣ ሁሉም መኪና ስር ተጋድሟል። ዕቃ እወለውላለሁ። ፊውዝ የከፈተ እጁን ያጣል ብለውኛል፣ እሱን አልነካሁም። መሙያው ግን አይፈነዳም። በቢላ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታሁ፤ አራት ናቸው። ኮፍያዬ ላይ በተራ ደረደርኳቸው፣ አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ውስጡ፣ ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። አንዲት ጥርስ አለች፣ ከኋላዋ የተጠቀለለች ሽቦ ትገፋታለች። ፊውዙ ላይ ደግሞ ቦይ አለ። ጥርሷ ቦዩ ጋ ስትደርስ ጥልቅ ትላለች፣ ፊውዙን ይዛ ታዞረዋለች። አንድ ጉጥ ደግሞ ቀለበቱ የቆመበት ቦታ ላይ ይጠብቃታል። እሱን ስትመታ ትገታለች። ቀጭ የምትለው ያኔ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። አባቴ ቢያገኘው ቀኑን ሙሉ እጁ ላይ ሲያገላብጠው ይውል ነበር።

መልሼ ገጠምኩት። አራቱም ብሎን ገባ፣ ምንም አልተረፈኝም፣ ኮራሁ። ቀለበቱ ላይና ጣሳዋ ላይ ግን ሲገጠም ትይዩ መሆን ያለበት አንድ አንድ ቀጭን ምልክት ነበረ። ለኔ ጭረት ሁሉ ጭረት ነው። በሁለት ጭረት አዛንፌው ኖሯል። ያን ቀን አላወቅሁም።

በማግስቱ ጧት አንድ ሰዓት ላይ የፖለቲካ ኮሚሳሩ መጣ። ቀጭን ባለመነጽር ሰው ነው፣ ደብተር ከእጁ አይለይም። ልዩ ጥይት አስመጣ፤ ውስጡ ፈንጂ ሳይሆን ወረቀት ነው። አየር ላይ ሲከፈት ወረቀቱ ጠላት ላይ ይበተናል። «መሣሪያችሁን ጥላችሁ እጃችሁን ስጡ» ይላል አሉ፣ በሶማሊኛም በአማርኛም። ሻምበሉ «አስራ ስምንት!» ብሎ ጠራ። ኦይታ አስራ ስምንት ላይ አጠበቀ። አቀበልኩት። ቀጭ። ስድስት ጥይት ተኮስን።

ትንሽ ቆይቶ ሬድዮው ጮኸ። የሻኛው አዛዥ፣ መቶ አለቃው ነው።

«መድፍ! መድፍ! ለማን ነው የምትጽፉት?»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ሻምበሉ።

«ወረቀቱ እኛ ላይ ዘነበ እኮ! ልጆቹ እየለቀሙ ነው!»

ከኋላው የአንዱ ሚሊሺያ ድምፅ ይሰማል፦ «ማንበብ አንችልም በላቸው! ለሲጋራ ግን ደህና ነው፣ ይጨምሩልን!»

እኛ ሳቅን። ኮሚሳሩ አልሳቀም።

«ለወገን ጦር እጅህን ስጥ ብሎ መበተን አሻጥር ነው። ፊውዙን የሞላው ማነው?»

ኦይታ እጁን አወጣ። ከመኪና ጎማ ጋር አሰሩት። «ማን እንዳሰማራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተናገረ በመድፈኛው ሁሉ ፊት ይረሸናል» አለ ኮሚሳሩ።

«ሰው ይሳሳታል፣ ጓድ» አለው ሻምበሉ።

«ስድስት ጊዜ?»

እውነቱን ነው። ሰው ሲሳሳት አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ያደርጋል። ስድስቱንም እኩል የሚያሳስተው ዕቃ ነው። ዕቃውን ደግሞ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ዝም አልኩ። አልደብቃችሁም። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፣ ጥይት እየጠረግሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ውሃ ልስጠው ብዬ ሄድኩ። ከንፈሩ ደርቋል።

«አስራ ስምንት ነው የሞላሁት» አለኝ። «ታዴ፣ ዓይኔ ነው እንዴ? ዓይኔ ተበላሽቶ ይሆን?»

ሰውየው ራሱን መጠርጠር ጀምሯል። አልቻልኩም።

«መሙያውን ትናንት ከፍቼዋለሁ» አልኩት።

አየኝ። ውሃው ባገጩ ወረደ።

«የቀጥቃጭ እጅ!» አለ። ጮኾ አይደለም፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ «ብትናገሪ ሁለታችንንም ነው የሚረሽኑት» አለ።

«ዝም ብል አንተን ነው።»

አትናገሪ አላለኝም፣ ተናገሪም አላለኝም።

ሻምበሉና ኮሚሳሩ ካርታ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ሰላምታ ሰጠሁ።

«ጓድ ሻምበል፣ ፊውዙ ራሱ ላይ ጥቃቅን ጽሕፈት አለ። ግራሶውን ስጠርግ አየዋለሁ። ከተሞላ በኋላ እሱን የሚያነብ አለ?»

ደንቡ አንብቡ ይላል ለካ፤ በጥድፊያ ማንም አያነብም። ተነስቶ መሙያውን አስራ ስምንት ላይ አጠበቀና አንድ ፊውዝ ሞላ። ቀጭ። ከዚያ ፊውዙን ጠርጎ ዓይኑ ስር አስጠጋው።

«አስራ ስድስት» አለ። «ሰውየው ትክክል ነው። የተዛነፈው መሙያው ነው።»

ኮሚሳሩ ወደኔ ዞረ። «ማነው የነካው?»

«እኔ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ከፈትሽ?»

«ውስጡን ለማየት።»

«ለማን ልትነግሪ?»

«ለማንም። ማየት ፈልጌ ነው።»

አላመነኝም። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ነው፣ ግን ሰው ለማየት ብቻ ብሎ ዕቃ ይከፍታል ብሎ አያስብም። ደብተሩን አውጥቶ ስሜን ጻፈ። ያን ጊዜ ሻምበሉ ጠየቀኝ፦

«ምን አየሽ?»

ነገርኩት። ጥርሷን፣ ሽቦዋን፣ ጉጡን። እያወራሁ ፍርሃቴን ረሳሁት። «ክፈቺው» አለኝ። ሁለቱ ፊት በቢላዬ ከፈትኩት። ሻምበሉ ጎንበስ አለ። ኮሚሳሩም መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ ጎንበስ አለ።

«ይቺ ናት የምትጮኸው?» አለ፣ በጣቱ እያሳየ።

«እሷ ናት።»

ሻምበሉ ምልክቶቹን አንብቦ አሳየኝ፣ አስተካክዬ ገጠምኩት። ደግሞ ሞላ። አስራ ስምንት፣ በአስራ ስምንት።

ኮሚሳሩ ቀጥ አለ። «ሁለቱም ይጠበቁ። ጉዳዩ አልተዘጋም።»

ሰባት ሰዓት ላይ ነው ሬድዮው የጮኸው። ጠላት ከኮረብታው ወርዶ ወደ ሻኛ እየመጣ ነው። በብዛት ነው።

«ፍቱት!» አለ ሻምበሉ። ኦይታን ፈቱት፣ እኔም ወደ ጥይት ሣጥኔ ተመለስኩ። ኦይታ እጁን እያሻሸ መሙያውን ያዘ።

«አስራ ስምንት!» ቀጭ። ተኮስን። «አስራ ሰባት ተኩል!» ቀጭ። ሞርታር እኛም ጋ መውደቅ ጀመረ። ጥይቱን መድፉ ውስጥ የሚከተው ጎራሹ ወደቀ። ሌላው አቀባይ ወደቀ። እኔ ብቻ ቀረሁ። ኮሚሳሩ ደብተሩን ደረት ኪሱ ከቶ ጥይት ታቅፎ መጣ። «የት ላስቀምጥ?» አለኝ። «ለኦይታ ስጠው» አልኩት። አንተ ብየዋለሁ፣ ልብም አላለው።

«አስራ ሰባት!» የቁጥሩን ትርጉም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጠላት ቀርቧል። ጧት ወረቀቱ ሻኛ ላይ የወደቀው በአስራ ስድስት ነው። አስራ ሰባት ካለ ገና አልደረሱም እላለሁ በሆዴ።

ከዚያ መቶ አለቃው በሬድዮ መጣ። «ምሽግ ገብተውብናል። እላያችን ላይ ተኩሱ።»

ሻምበሉ ደግመህ ንገረኝ አለው። ደግሞ ነገረው።

«አስራ ስድስት» አለ ሻምበሉ።

ኦይታ ቀለበቱን ይዞ ቆመ። «ወገን አለ እኮ!»

«አለ። ሙላ።»

ቀጭ። አቀበልኩት። ቀጭ። አቀበልኩት። ኦይታ እያንዳንዱን ፊውዝ ዓይኑ ስር አስጠግቶ ያነባል። ሁሉም አስራ ስድስት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጥሩ መጨመር ጀመረ። አስራ ሰባት። አስራ ስምንት። ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያ ተኩስ አቁም ተባለ።

ከኛ መድፍ ሦስት ሰው ሞተ። ጎራሹ፣ አቀባዩ፣ ኮሚሳሩ። ኮሚሳሩን ያገኘው የመጨረሻው ሞርታር ነው፣ ጥይት እንደታቀፈ። ጉዳያችንን የሚያነሳ ሰው አልቀረም። ደስ አለኝ። የሆነውን ነው የምነግራችሁ፣ ደስ አለኝ። ኦይታም ቀና ብሎ አየኝ፣ እሱም እንደዚያው ነበር። ከዚያ የኮሚሳሩን እግር ይዤ ስሸከመው ጫማው ቀዳዳ ነው፣ ውስጡን በካርቶን ደፍኖታል። አፈርኩ። ከወንዙ ዳር ሦስቱንም ጎን ለጎን ቀበርናቸው።

ኦይታ ከዚያ ጦር በሕይወት ወጣ፤ ጂንካ ተመልሶ ወልዶ ከብዶ ነው የሞተው።

ሻኛ ላይ ሬሳ ልናነሳ በነጋታው ጧት ወጣን። ሃያ ሦስት ወገን ቆጠርን፣ መቶ አለቃው አብሮ። ሻምበሉ ስም ይጽፋል፣ እኛ እናነሳለን። አንዳንዱ በጠመንጃ ጥይት ነው የተመታው፣ አንዳንዱ ከላይ በዘነበ የመድፍ ፍንጣሪ። የትኛው በማን እንደሞተ መለየት የሚፈልግ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ማየት ይችል ነበር። እኔ እያንዳንዱን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ እንጂ አልገለጥኩም።