ጤነኛው እግሬ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ወገኖቼ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ፤ ሰው ፊት መናገር ግን አልለመድኩም። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ታገሡኝ።

የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ነኝ። በዚያ ቅዳሜ ለብሔራዊ ቡድን የሚመርጡበት ውድድር ነበር። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደውሎ፣ ሁለተኛ ሆኜ ኩርባው ላይ ስታጠፍ፣ ቀኝ ቅልጥሜ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ወደቅሁ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየው። "አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ ይገጥማል" አለኝ።

"ታዲያ መቼ እሮጣለሁ?"

"እኔ ስለ መራመድ ነው የማወራሽ። ለሩጫው ቃል አልገባልሽም።"

ወደ ቤት ስንመለስ በክራንች እህቴን ሰብለን ጥያት ሄድኩ። "አንቺ! በጀሶም ልትቀድሚኝ ነው?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከፊቴ ሰው ሲሄድ መታገሥ አልችልም ነበር።

ካዛንቺስ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ማለቴ፣ መች ተቀመጥኩ! ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። የክለባችን ሰርቪስ የሰፈራችንን ልጆች ለመውሰድ ንጋት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። እኔ ከክላክሱ በፊት ነቅቼ እጠብቃለሁ። ሲጮህ ልቤ ይዘላል። ያለ እኔ ሲሄድ ትራሴን ነክሼ አለቅሳለሁ።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔርን የምጠራው መነሻው መስመር ላይ ስቆም ብቻ ነበር። ውድድሩ ካለቀ ዘወር ብዬም አላየው። ሰውም እንደዚያው የሚፈልገኝ ስሮጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ስደውልለት ገና ሰላም ሳይለኝ "ስንተኛ ወጣሽ?" ነው የሚለኝ። ካልሮጥኩስ ማን ይፈልገኛል? ይቺ ጥያቄ ናት ስትበላኝ የከረመችው።

ሰብለ ጌታን ያገኘችው ከእኔ በፊት ነው፤ በዚህ እንኳ ቀድማኛለች። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ቡልጋሪያ ሰፈር ወዳለው የቤት ኅብረት ወሰደችኝ። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቸኝ። ሊጸልዩልኝ ከበቡኝ። አንድ ወንድም ጀሶው ላይ እጁን ጭኖ "ተነሺ! ሩጪ!" ብሎ ጮኸ። ፍቅሩ ነው ያናገረው፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ያኔ ግን ያ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባ። እዚህም ሩጪ?

የቤቱ ባለቤት እማማ የሺ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "እስቲ ተዋት አንተ። ስትሮጥ አይደል የኖረችው?" አሉት። ወደ እኔም ዞረው "ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ።

"ተቀምጫለሁ እኮ፣ እማማ።"

"አልተቀመጥሽም። እግርሽን እዪው።"

አየሁት። ጀሶ የሌለው፣ ጤነኛው እግሬ፣ ወለሉን ይደበድባል! ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም። እማማ አጠገቤ ቁጭ ብለው እጃቸውን እሱ ላይ ጫኑ።

"እማማ፣ የታመመው ያኛው ነው" አልኳቸው በቀስታ።

"ዓይን አለኝ እኮ!" አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው "ጌታ ሆይ፣ ይህቺ ልጅ ባትሮጥም ያንተ ናት" አሉ። ይኸው ነው። ሌላ አልጨመሩም።

ሃሌሉያ! ባልሮጥም! እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ፤ እግሬ ከእጃቸው ሥር ቀስ እያለ ጸጥ አለ። እዚያው ወንበር ላይ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ያልሆነውን ሆነ አልልም። ጀሶው በዚያ ቀን አልወለቀም። አጥንቴ ሐኪሙ እንዳለው በጊዜው ገጠመ፤ ለዚያም ጌታን አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ልምምድ ተመልሻለሁ። እቀደማለሁም። ተቀድሜ እቤቴ ገብቼ እራቴን እበላለሁ፤ ጌታ ይባረክ! እናንተም ቁጭ ብላችሁ ውስጣችሁ የሚሮጥባችሁ፣ እመኑት። ስንተኛ ወጣህ ብሎ አይጠይቅም።

የዚያን ማክሰኞ ማግስት ጠዋት የሆነውን ነግሬአችሁ ልቀመጥ። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ ብርድ ልብሴ ላይ ነበረች። ሰብለ ሥራ ሳትሄድ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ሰርቪሱስ?" አልኳት።

"መጥቶ ሄደ እኮ! ክላክሱ ሰፈሩን በሙሉ ቀሰቀሰው። አልሰማሽም?"

አልሰማሁም። ወደ ግድግዳው ዞሬ መልሼ ተኛሁ።