እናቴ የተቀበረችበት የምርጫ ቀን

ዛሬም ድረስ ስለ ምርጫ ሕግ በሬዲዮ ሲወራ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ "አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?" ይሉኛል። ያገባኛል እንጂ! እናቴን ቀባሪ ያሳጣብኝ እኮ ያ "ሕዝቡ ሥልጣኑን ያዘ" የተባለበት ምርጫ ነው።

ቤታችን መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ነበር። እናቴ በርበሬ በረንዳ በርበሬ እየቸረቸረች አሳደገችኝ። በእድር ነገር እሷን የሚያህል አልነበረም። ጥሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ በየደጁ እየዞረ የሟች ስም ሲጠራ፣ ገበያዋን ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት። "ሰው በቁሜ ቢያማኝ ግድ የለኝም፤ ብቻ ቀባሪ አያሳጣኝ" ትል ነበር። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዲስ ሕገ መንግሥት ሊወጣ፣ ሸንጎ የሚባል ነገር ሊመረጥ ነው ተብሎ ቀበሌው ለውይይት ጠራን። ከጠራን ይልቅ ነዳን ብል ይሻላል፤ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም። ካድሬው ረቂቁን ያነብልናል። ሥልጣን የሕዝብ ነው፤ ተመራጭ ለመራጩ ተጠሪ ነው፤ ሕዝብ ያልፈለገውን ተመራጭ ያወርዳል። ለጆሮ እንዴት ደስ ይላል! እናቴ እጇን አወጣች።

"ጌታዬ፣ የቀበሌውን ስኳር የሚያድለው ሰው ስኳሩን በጓሮ በር ቢሸጠው፣ በዚህ ሕግ ልናወርደው እንችላለን?"

ሴቱ ሁሉ አፉን በነጠላ ይዞ ሳቀ። ሰውየው እኮ እዚያው ፊት ለፊት ተጎልቷል! ካድሬው ሳይስቅ "ጥያቄው ተይዟል፣ እናት" አለ። እንደተያዘ ቀረ። ሰውየው ግን ወይ ፍንክች፤ እንዲያውም ብሎ ብሎ አስመራጭ ተደርጎ አረፈው።

ምርጫው ሲቃረብ የእድራችንን ድንኳን ወስደው ቀበሌው ሜዳ ላይ ተከሉት። ስንት ዓመት ከጉሮሯችን ነጥቀን ባዋጣነው ብር የገዛነው ድንኳን ነው። ጥሩምባ ነፊያችንንም ወሰዱት። ሽማግሌው ሰውዬ ሳምንቱን ሙሉ "ለምርጫ ውጡ! የቀረ ወዮለት!" እያለ ሲነፋ ሰነበተ። የሞት ጥሩምባ ለካድሬ! እናቴ ያን ጊዜ ታማ ተኝታለች፤ በተነፋ ቁጥር ልትነሳ ትፍጨረጨራለች።

"ማን ሞተ?" ትለኛለች።

"ማንም አልሞተም እማዬ። ለምርጫ ነው።"

"ለምርጫ በጥሩምባ?" ትልና ትራሷ ላይ ትመለሳለች።

በዋዜማው አረፈች። ጥሩምባ ነፊው ንጋት ላይ ደጄ መጥቶ አለቀሰ። ዛሬ ለምርጫ ብቻ ንፋ ተብሏል። "እሳቸውን ሳልጠራማ እጄ ይቆረጥ!" አለና ወጣ። ከቤት ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ይነፋል፤ የእናቴን ስም ይጠራል፤ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው ይላል፤ ደግሞ ይነፋል። እኔም ወንበር ተውሼ ደረደርኩና ሰው እጠብቅ ጀመር።

ረፈደ። ደጄን የረገጠ ሰው የለም፤ የመጣው ዝናቡ ብቻ ነው። ወጣ ብዬ ባይ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ በራሳችን ድንኳን ፊት ተሰልፏል። ዕጩዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም ያቀረበው ያው አንዱ ፓርቲ ነው። እንግዲህ ከአንድ እናት ልጆች አንዱን ለመምረጥ ነው እናቴን የተዋት! ጮኼ ልጠራቸው አሰብኩና ትቻቸው ወደ አስከሬኗ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ማን ደረሰልኝ መሰላችሁ? የበርበሬ በረንዳ ኩሊዎች። ከገጠር መጥተው በረንዳ የሚያድሩ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው ሰዎች። መታወቂያ ከሌለ ምርጫም የለ፣ የሚቀር ስኳርም የለ። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። ሳጥኑን ተሸክመው በዚያ ጭቃ ሲወጡ አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "እህቴ፣ የሰፈሩ ሰው የት ሄደ?" አለኝ። በእጄ ወደ ሰልፉ አሳየሁት። እነሱና ቄሶቹ ባይኖሩ ጉድ ፈልቶብኝ ነበር።

ወደ ማታ ምርጫው ሲያበቃ ጎረቤቶቼ ድንኳኑን ነቅለው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጥተው ደጄ ላይ ተከሉት። "ውይ በሞትኩት! ጥሩምባው ለምርጫ መስሎን እኮ ነው!" አለች አንዷ። ሌላዋም ያንኑ አለች። ወንዶቹም ያንኑ። እኔም አመንኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያደነቁረን የከረመ ጥሩምባ አይደል? ንዴቴን በሙሉ በቀበሌው ላይ አወረድኩት። ያ የስኳሩ ሰውዬ መጥቶ "እግዜር ያጥናሽ" ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት።

ከዚያ የእናቴ ጓደኛ ገቡ፤ ስንት ዘመን አጠገቧ በርበሬ የሸጡ፣ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ ሴትዮ። እንደ ሌሎቹ አልጮኹም። ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ከሐፍረታቸው ላወጣቸው ብዬ፣ "እርስዎም ለምርጫ መስሎዎት ነው አይደል እትዬ?" አልኳቸው።

"አይ ልጄ" አሉ። "ስሟን ሲጠራ ሰምቻለሁ። በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ጎረቤቱም በየበሩ ቆሞ ነበር። ተያየን። ከዚያ መታወቂያችንን ይዘን ወደ ሰልፉ ሄድን።"

"ኧረ ውሸት ነው" የሚል አንድ ሰው ጠብቄ ነበር። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። እንዲያ የነደድኩበት ቀን በሕይወቴ የለም። ጠዋት ከድተው፣ ማታ ደግሞ በእናቴ ለቅሶ ላይ ዋሹኝ! "ውጡልኝ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሷል።

እትዬ ቀድመውኝ ተነሡ። "እኔ ስሞት አንቺም አትምጪ። ቀባሪ አይገባኝም" አሉ።

እጃቸውን ያዝኩ። "ቁጭ ይበሉ!" አልኩ፤ እየጮህኩ ነበር። "እርስዎን እቀብራለሁ። እነዚህን ግን እንጃ!"