የጎኬ እግር፣ የሲምቦ ራስ

ሞሮላዮ ደክሟታል። ይሄ አስቀድሞ ይነገር፤ ኢባዳን ውስጥ ስለ እሷ የሚያወራ ሁሉ የእጇን ብልሃት እንጂ ድካሟን አያነሳም። እጇ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቅ ይሁን ግድ የለም፣ ወርቅም ቢሆን ሲያገለግል ይሳሳል። ጠዋት ልጇን አሪኖላን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ሞኮላ ላይ ከሰው ጋር ተጋፍታ ታክሲ ትሳፈራለች፣ ያን የማያልቅ ደረጃ ወጥታ ስቱዲዮ ትገባለች። መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በጄኔሬተር ጩኸት ውስጥ፣ ጎኬን ስታስሮጥ ትውላለች። ባሏ ሌጎስ ነው የሚሠራው፤ ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይደውላል።

ጎኬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን የሚመጣው የካርቱን ልጅ ነው። እሱን የማያውቅ የኢባዳን ሕፃን ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ዛፍ ይወጣል፣ ወንዝ ይዋኛል፣ ከዝንጀሮ ይታገላል፣ የጠፋውን ያገኛል። እህቱ ሲምቦም አለች። ሲምቦ ምን ታደርጋለች? ትቆማለች። ታጨበጭባለች። «ጎኬ፣ ተጠንቀቅ» ትላለች። ሲወድቅ ታለቅሳለች፣ ሲነሳ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ጎኬ የተገኘውን ዕቃ ይዞ እየሮጠ ከንጉሡ ፊት ይደርስና፣ ለወንድ ልጅ እንደሚገባው በደረቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ እጅ ይነሳል። ሲምቦ ደግሞ ለሴት ልጅ እንደሚገባት ተንበርክካ፣ ለደከመው ወንድሟ በቅል ውሃ ታቀብለዋለች። ከዚያ ዘፈኑ ይመጣል።

የሥራው ነገር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ኮምፒውተሩ ውስጥ የራሱ መሳቢያ አለው። አንድ ጊዜ በእጅ የተሳለ እንቅስቃሴ እዚያ ይቀመጣል፤ ሌላ ቀን ሲፈለግ እንደገና መሳል የለም፣ ከመሳቢያው መዘዝ አድርጎ ማስገባት ነው። የጎኬ መሳቢያ ሞልቶ ፈሷል። የሲምቦ መሳቢያ ግን ወር መጨረሻ ላይ ያለች የደመወዝተኛ ጓዳ ናት። መቆም፣ ማጨብጨብ፣ ማልቀስ፣ አፍ ሸፍኖ መሳቅ፣ መንበርከክ፣ ውሃ ማቀበል፤ በቃ ይኸው ነው። ሁሉንም የሳለቻቸው ሞሮላዮ ራሷ ናት፣ ድሮ ወጣት ሳለች፣ እንደታዘዘችው።

ያኔ ነገሩ አልከነከናትም። የከነከናት አሪኖላ አድጋ ከሰፈር ልጆች ጋር ጎኬ ጎኬ መጫወት ስትጀምር ነው። ወንዶቹ አጥር ይዘላሉ፣ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላሉ፤ አሪኖላ ጥግ ይዛ ታጨበጭባለች። አንድ ቀን ሞሮላዮ ወደ ቤት ስትገባ ይህን አየችና አንቺስ ለምን አትሮጪም ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ እናቷን እንደ ሞኝ አየቻት።

«ሲምቦ እኮ መሮጥ አትችልም» አለቻት።

ያን ማታ ሞሮላዮ የአማላ ገንፎዋን ሳትጨርስ ገፋችው። ልጅቱ እውነቷን ነዋ! የሚሮጥ እግር ማን ስሎላት ነው የምትሮጠው? እናቷ ናት ያልሳለችላት።

ከዚያ ወዲህ የስቱዲዮውን ባለቤት፣ ኦጋ የሚሉትን አለቃዋን ጋኒዩን፣ ሲምቦን ላስሩጣት እያለች ስትነዘንዘው ኖረች። ኦጋ ጋኒዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ጭንቀታም ነው፣ ቅዳሜ ሲደርስ ላብ ላብ ይለዋል። አዲስ እንቅስቃሴ ከባዶ ለመሳል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያውቃል፣ ቴሌቪዥን ጣቢያው እንደማይጠብቀውም ያውቃል። «ይደርሳል፣ ኢያ አሪኖላ» ይላታል፤ የአሪኖላ እናት ማለቱ ነው። ይደርሳል እያለ ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ገባች።

ዝናቡ የጀመረ ሰሞን ለጎኬ ድምፅ የሚሰጠው ሰውዬ ጉሮሮው ተዘጋ። ትንፋሽ እንጂ ድምፅ የለውም። ኦጋ ጋኒዩ ራሱን ይዞ ጠረጴዛዋ ጋ መጣ። በዚህ ሳምንት ጎኬ አይናገርም፣ እንግዲያው ያቺን ሲምቦሽን አስሩጫት አላት። አዲስ እግር ለመሳል ግን ጊዜ የለም፣ ያለውን አብቃቂው። የውሃውንም ነገር ተይው፣ የጎኬ መሳቢያ ውስጥ ውሃ ማቀበል የለም። ሞሮላዮ ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። ስንት ዓመት የለመነችው ነገር የመጣላት እንደ ትራፊ ምግብ ነው።

ይሁን ብላ ሠራችው። የጎኬን እግርና ደረት ከመሳቢያው መዘዘች፣ የሲምቦን ቀሚስ አለበሰችው፣ የሲምቦን ራስ ከላይ አስቀመጠች። የታጋይ ጉልበት ከቀሚስ ሥር ብቅ ሲል ብቻዋን ሳቀች። ሲምቦም ሮጠች። የንጉሡ ከበሮ ጠፍቶ ወንዝ ወስዶት ነበር፤ ዛፍ ላይ ወጥታ አየችው፣ ዘላ ገባች፣ አወጣችው፣ እየሮጠች ቤተ መንግሥት ደረሰች። የስቱዲዮው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አየው፣ አጨበጨበ፣ ተላከ። ቅዳሜ ጠዋት አሪኖላ ፊልሙን አይታ ሳትጨርስ ወጥታ አጥሩን ዘለለችው፤ ጉልበቷ ተልጦ እየሳቀች ተመለሰች። ሞሮላዮ ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ሆዷ ሙሉ ሆኖ ዋለ።

ደስታዋ ሰኞን አልተሻገረም። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ የሾፌሩ ሬዲዮ የአድማጮችን ስልክ ያስተናግዳል። አንድ ሽማግሌ ገባ፣ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ።

«ሴት ልጅ ከንጉሥ ፊት በደረቷ ትዘረጋለች? ጉልበቷ ምን ሆነ? የማን ልጅ ናት? ለመሆኑ ማን ነው ያሳደጋት?»

ሞሮላዮ መቀመጫው ላይ ኩምትር አለች። ድምፁ እንዴት ይጠፋታል! አባቷ ነው። ጡረታ የወጣው ርእሰ መምህር፣ ባባ አላቢ፣ ማን ነው ያሳደጋት እያለ ኢባዳንን ያምሳል።

ስህተቷ የታያት ያኔ ነው። ባለታሪኩ እየሮጠ ንጉሡ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚከተል እጇ ስለሚያውቅ እሷን አልጠየቃትም። ስንት ዓመት ሙሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ ሩጫውን መዘዘች፣ ከሩጫው ኋላ መዘርጋቱን መዘዘች። እንኳን እሷ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተሰብስቦ ያጨበጨበው ሁሉ፣ ሁሉም እናቱ ፊት ተንበርክካ ሰላም የምትል እህት ያለው፣ አንድም ሰው ነገሩን አላየውም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ማለት ይሄ ነው። ያገኘ ሰው በደረቱ ይተኛል ብለው ለምደዋል፤ ያገኘችው ሴት ትሆናለች ብሎ ማን አሰበ።

ስቱዲዮ ስትደርስ ኦጋ ጋኒዩ ሁለት ስልክ ይዞ ይቅርታ ይጠይቃል። ጣቢያው ተቆጥቷል። ቅዳሜ ፊልሙ ታርሞ እንደገና ይታያል፣ ካልሆነ ጉዳችሁ ነው ብሏል። ኦጋ ጋኒዩ ስልኮቹን አስቀመጠና የጎኬ ድምፅ የሆነው ሰውዬ ጉሮሮው እየተሻለው መሆኑን ነገራት። ታሪኩን ለጎኬ መልሰን እንገላገል፣ ሲምቦም ወደ ማጨብጨቧ ትመለስ፣ ይሄ የሷ ነገር አይደለም፣ አየሽው አይደል አለ።

«ኦጋ፣ ሰው የተቆጣው በመሮጧ አይደለም» አለችው። «መንበርከክ ነበረባት፣ አላንበረከክኋትም። ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው። እስከ ዓርብ ይስጡኝ።»

«ዓርብ ቀትር» አላት። «ካልደረሰ ግን ሲምቦን ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ።»

ነገሩ ቀላል መሰላት። መንበርከክ ከሲምቦ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ራሷ የሳለችው ነው። መዘዘችው፣ ከሩጫው ኋላ አስገባችው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ማክሰኞ ወደ ማታ ሥራውን ይዛ ቤቷ ገባች። ሁልጊዜም መጀመሪያ የምታሳየው ለአሪኖላ ነው። ሲምቦ ወንዙ ጋ ስትደርስ ልጅቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ ቤተ መንግሥቱ ጋ ስትደርስ ግን መልሳ ተቀመጠች። ግንባሯን ቋጠረች።

«እማ፣ ከበሮውን ማን አገኘው?»

«ሲምቦ ናታ። ስትዘል አላየሽም?»

«ያቺማ ሮጣለች። ይቺኛዋ እኮ የትም አልሄደችም።»

ሞሮላዮ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዞረች። ወይ ጉድ። ወንዝ ገብታ የወጣችው ልጅ ቀሚሷ ደርቋል። ትንፋሿ አይሰማም። አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ሲያዩዋት እንኳንስ ወንዝ ደጃፍም ያልወጣች ናት። ያን መንበርከክ የሳለችው ስታጨበጭብ ለዋለች ልጅ ነው፤ ስትሮጥ ለዋለች ልጅ መንበርከክ ስላ አታውቅም።

ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ማን ያስተውለዋል? አለች በልቧ። ሽማግሌዎቹ ጉልበት ነው የጠየቁት፣ ጉልበት ይሰጣቸዋል። አጥንቷ ድረስ ደክሟታል፤ ዓይኗ ይቆጠቁጣል፣ አንጓዋ ያማታል፣ ልብስ ያልታጠበ ተከምሯል። እንተወው። እንዲሁ ልኮ መተኛት ነው። ሆኖም ቀና ስትል አሪኖላ እዚያው ቆማለች፤ የቅዳሜዋ ቁስል ጉልበቷ ላይ ገና አልሻረም።

«ነይ ውጪ» አለቻት። «ግቢውን ዙሪና፣ እየሮጥሽ መጥተሽ እፊቴ ተንበርከኪ።»

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ግቢው ጭቃ ነው። አሪኖላ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከእናቷ ሰምታ አታውቅም፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ብላ ተፈተለከች። ዞራ መጥታ ዘፍ ብላ ተንበረከከች። ሞሮላዮ እርሳስ ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ደግመሽ አለቻት። ደገመች። አሁንም ደግመሽ።

«እማ፣ ደከመኝ።»

«እኔም ደክሞኛል። ያቺ ልጅም ደክሟታል። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ያን ጊዜ ነው ያየችው። ሮጦ የመጣ ሰው ሲንበረከክ አንገቱን አይደፋም፤ አየር ይፈልጋል፣ ፊቱ ወደ ላይ ይላል። አንድ እጁ መሬት ይይዛል። ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። ጭቃው እስከ ጭኑ ይደርሳል። አክብሮቱ አለ፣ ጉልበቱ መሬት ነክቷል፤ ግን ከየት እንደመጣ ያስታውቃል። ረቡዕንና ሐሙስን ይህንኑ ስትስል ዋለች፣ ከባዶ፣ አንድ በአንድ። ዓርብ ቀትር ሲሆን ኦጋ ጋኒዩ አየው፣ ደግሞ አየው፣ አንገቱን ነቀነቀና ላከው። አሪፍ ነው እንኳን አላላትም። እሷም አልጠበቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት አሪኖላን ይዛ አሮጌው ሰፈር ወዳለው አባቷ ቤት ሄደች። ሌላ ቦታ ሆና ልታየው አልፈለገችም፤ የሚረግማት ከሆነም እፊቷ ይርገማት። ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ሰላም አለችው፤ ለመነሳት የበሩን እንጨት መያዝ ነበረባት። ባባ አላቢ ሬዲዮ ላይ ያለውን አላነሳም፣ እሷም አላነሳችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ከኋላው ወንበር ያዘች። የማን ሥራ እንደሆነ ግን ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ መነጽሩን ጠርጎ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ፈተና እንደሚያርም ሰው ነው።

ሲምቦ ሮጠች። ዛፍ ወጣች። ወንዝ ገባች። ቤተ መንግሥት ደረሰች፣ ጭቃዋን እንደለበሰች በጉልበቷ ወረደች፣ በአንድ እጇ መሬቱን ይዛ በሌላው ከበሮውን አነሳች፣ ደረቷ እየተናጠ ንጉሡን ቀና ብላ አየችው። ንጉሡ ከበሮውን ተቀበለ። ዘፈኑ ጀመረ።

ባባ አላቢ ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለ።

«ይቺ ልጅ ከሩቅ ነው የመጣችው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዘወር ዘወር ብሎ፣ የቀረ ሰው እንደሚፈልግ፣ ቤቱን ቃኘ። «ውሃ የሚሰጣት ሰው ጠፋ? ወንድም አልነበራትም እንዴ?»

«ጎኬ እኮ ውሃ መስጠት አይችልም፣ ባባ» አለች አሪኖላ።

«ለምን? እጁን ምን ሆነ?»

አሪኖላ ወደ እናቷ ዞረች። ሽማግሌውም መነጽሩን ከፍ አድርጎ ዞረ። ሞሮላዮ ወንበሩ ላይ እንዳለች ዓይኗን ጨፈነች። አንጓዋ ገና ያማታል፣ ልብሱም አልታጠበም።

«ሰኞ እስልለታለሁ» አለች።