የእትዬ ዶፍ ባልዲ

የባሌ እህት ስለሆነች አይደለም የማማት፤ ባዳም ብትሆን ከማማት አልመለስም ነበር። ዓይኗን በጨው የታጠበች ሴት ናት። እኔ ወጥ ቤት፣ እሷ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ መሃላችን አንድ ስስ ግድግዳ፤ ይኸው ስንነታረክ አረጀን።

የምንሠራው እናት ወይም አባት፣ እህት ወይም ወንድም የሞተባቸው ልጆች ከነቤተሰባቸው ለጥቂት ቀን የሚሰነብቱበት ካምፕ ውስጥ ነው። ልጆቹ ይስላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ስለሞተባቸው ሰው ያወራሉ፤ ወላጆቻቸውም ለብቻቸው ተቀምጠው እንደዚሁ። ስቀጠር ቀኑን ሙሉ የሚለቀስበት ቤት መስሎኝ ነበር። ምን ተለቅሶ! ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል።

የጫጫታው እናት ደግሞ እሷ ናት። ልጆቹ "እትዬ ዶፍ" ይሏታል። ጠዋት ጠዋት የልጆቹ መኝታ አዳራሽ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ ትገባለች። ከዚያ "ያንሸራትታታል"። በደረቅ ወለል ላይ! ውሃው አንዱ አልጋ ላይ ግልብጥ ሲል "ውይ፣ እጄን ይቁረጠው!" ትልና በሁለተኛው ባልዲ የጎረቤቱን አልጋ ትደግማለች። ከዚያ ወዲያ ኩባያ ያገኘ በኩባያ፣ ጆግ ያገኘ በጆግ ይራጫል። የኔ ቁርስ ይቀዘቅዛል፤ ማን ሊያስታውሰው!

መጀመሪያ ሰሞን ያበደች መስሎኝ ለኃላፊያችን ልከሳት ሄድኩ። ኃላፊያችን ሳቀችና "ፍራሾቹን ፀሐይ ላይ ስታወጣ አግዣት" ብላ ሸኘችኝ። ኩም ብዬ ተመለስኩ። ነገሩ የገባኝ ፍራሽ ስሸከም፣ በአፍንጫዬ ነው። ሐዘን የገባው ልጅ አልጋው ላይ ይሸናል፤ ትልልቆቹም ጭምር። አንዱ ፍራሽ በሽንት ቢረጥብ፣ ሌላው ሁሉ በውሃ ከራሰ፣ ማን ማንን ይለያል?

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አንቺ አፍሽ ወንፊት ነው" አለችኝ። ተናደድኩ። ይኸው አሁንም እያወራሁ ስለሆነ ግን ምንም ማለት አልችልም።

አንድ ጊዜ አንድ አናጺ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልሞላም። ልጅቷ ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ ከአባቷ ጋር ሲሆን ግን ጭጭ ነው። "ጠልታኛለች" አለኝ ሻይ ስቀዳለት። ከእናቷ ሞት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ክፍሏን ትቆልፋለች፣ አንሶላዋን ራሷ ታጥባለች፣ "አትግባብኝ" ትለዋለች። አንጀቴን በላው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ልጁ እንደ ድሮዋ እንድትቀርበው ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት ልጅቷ ብርድ ልብሷን እስከ አንገቷ ስባ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና አልነሳም አለች።

"ተነሽ እንጂ ልጄ፣ ቁርስ ደርሷል።"

"አልበላም። ወደ ቤት ውሰደኝ።"

ቢለምናት፣ ቢያባብላት፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ቅስሙ ተሰብሮ "እሺ፣ ሻንጣሽን ላምጣ" አለ። ዞር ከማለቱ እትዬ ዶፍ ተንሸራተተች። ውሃው ልጅቷንም፣ ፍራሹንም፣ የአናጺውንም ሱሪ አዳረሰው።

"ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?!"

"ውይ ወንድሜ፣ እጄን ይቁረጠው!"

አዳራሹ ቀውጢ ሆነ። ልጅቷ መጀመሪያ ክው አለች፤ ቀጥሎ ግን ከአልጋዋ ዘላ ጆግ አነሳችና አባቷ አናት ላይ ገለበጠችው። እሱም ባለበት ቆሞ፣ ውሃው በአፍንጫው እየወረደ፣ ከት ብሎ ሳቀ። ሻንጣው ተረሳ።

ስለ ቀዘቀዘው ቁርስ ልጣላት ወደ ልብስ ማጠቢያው ስገባ፣ አናጺው ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንዲደርቁ ከተሰቀሉት አንሶላዎች ጀርባ ተቀምጧል፤ ሱሪው እስኪደርቅ። እትዬ ዶፍ ከወዲህ በኩል የልጅቷን ፀጉር በፎጣ ታሻለች። በዓይኗ "ዝም በይ" አለችኝ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ውሃው ሳይደፋብኝም ረጥቤ ነበር" አለች ልጅቷ።

"አውቃለሁ፤ አፍንጫ አለኝ።"

"እማዬ እያለች እንዲህ አልሆንም ነበር። ስትሞት ነው የጀመረኝ። ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ በናትሽ።"

"እኔ ምን አግብቶኝ! አልነግረውም" አለች ያቺ ተንኮለኛ፣ ሰውዬው ሁለት እርምጃ ሳይርቅ። እኔ ብሆን ቢያንስ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር!

አንሶላው ተገለጠና አናጺው በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ወጣ። ልጅቷ ፊቷን በፎጣው ሸፈነች። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ተንበረከከ።

"እናትሽ ሌሊት ሌሊት ትነሳ ነበር" አላት። "ኮቴዋ ሲቀሰቅሰኝ 'ምን ያንጎራድድሻል፣ ልተኛበት እንጂ!' እያልኩ እጮህባት ነበር። 'ውሃ ጠምቶኝ ነው' ትለኝ ነበር። ለካ አንቺን ተሸክማ ሽንት ቤት..." አልጨረሰውም።

ልጅቷ ፎጣውን ከፊቷ አወረደች። "እኔን? ተኝቼ?"

እሷም አታውቅም ነበር። እኔ ቁርሱን እርግፍ አድርጌ ትቼ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እትዬ ዶፍ እንኳ በረኪናው ዓይኔ ገባ አለች።

የዚያን ቀን ሌሊት አናጺው ኃላፊያችንን አስፈቅዶ ከአዳራሹ በር አጠገብ ወንበር ዘርግቶ አደረ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዶፍ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ ራሱን በአሉታ ነቀነቀላት። ፍራሹ ደረቅ ነው ማለቱ ነበር። እሷ ግን ለሌሎቹ ስትል ደፋችው።

ቁርስ ላይ ልጅቷ ዳቦ በአፏ ሞልታ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ "ሌሊት እማዬ መጥታ ሽንት ቤት ወሰደችኝ" አለች።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። አናጺው አንገቱን ደፋ። ልጅቷ በዓይኗ ጠርዝ አየችው።

"ግን ጺም አብቅላለች" አለች። "ደግሞ ጭንቅላቴን ከበሩ አጋጨችኝ።"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አናጺው መሳቁ ነው ስል እንባውን በእጅጌው መጥረግ ጀመረ። ልጅቷ ዳቦዋን አስቀምጣ ሄደችና ጭኑ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ግንባሯን እያሻሸ፦

"ዛሬ ቀስ ትላለች" አላት።