አልላቀቅ ያለው ጠመንጃ

አናጺው በጎማ መዶሻው ደግሞ መታው። የጠመንጃው ብረት ከእንጨቱ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው ጠበቀልህ! እሱን አልነበር የፈለግኸው?» አለች ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ።

«ተይኝ እስቲ አንቺ ደግሞ!»

ጠመንጃው የአባቱ ነው። እንጨቱንም እሳቸው፣ አናጺ ሳሉ፣ በገዛ እጃቸው ጠርበውታል። ከዕድሜ ብዛት ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ይወዛወዝ ጀመር፤ ጥይቱም አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይሄዳል። ክፍተቱን በሚደርቅ ማጣበቂያ ሞልቶ ብረቱን ልኩን ማስያዝ ነበር መፍትሔው። አባቱ «ለጠመንጃ ጠጋኙ ስጠው» ሲሉ አናጺው ደሙ ፈላ። «እንጨት ለመሥራት? እኔ ምን ሆኜ?»

ይህን ያህል ዘመን በርና ወንበር ሲሠራ፣ ሽማግሌው አንድ ቀን «እጅ አለህ» ብለውት አያውቁም። ይህን ሲያዩ ይሉኛል ብሎ ነበር።

የማጣበቂያው ቆርቆሮ «ብረቱን አስቀድመው ሰም ይቀቡ» ይላል። ቀባ። ከዚያ ቆም ብሎ አየው። ሰም በነካው ቦታ ሙጫ አይዝም። ይህን የተማረው ገና መላጊያ ሳይጨብጥ ነው፤ ያስተማሩትም አባቱ ናቸው። ሰሙን በጨርቅ ጠረገው። አልበቃው ብሎ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው።

በመዶሻም አልወጣ ሲለው ወደ ጠጋኙ ወሰደው። ጠጋኙ ጠመንጃውን አገላብጦ አየ።

«ሰም አልቀባኸውም እንዴ?»

«ቀብቼ ጠረግሁት።»

«ለምን?»

«እንዲይዝ ነዋ!»

«መያዙንማ ይዟል፣ ወንድሜ። ሰሙ እኮ ብረቱ ለመወልወል ሲፈለግ እንዲወጣ ነው። ማጣበቂያው ቅርጹን ይያዝ እንጂ ከብረቱ ጋር ይጋባ ማን አለህ?»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«እንጨቱን መሰንጠቅ። እኔ ልሰንጥቀው ወይስ አንተ? መቼም እንጨት ያንተ ሥራ ነው።»

አናጺው ጥርሱን ነክሶ ጠመንጃውን ተሸክሞ ተመለሰ። አባቱ ደጃፉ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠው እያዩት፣ እሳቸው የጠረቡትን እንጨት በመሮ ፈለጠው። እያንዳንዱ ስንጣሪ ብረቱን እንደ መዥገር ነክሶ አልለቅም አለ። መሮው ሁለቴ ዶለዶመ፤ አውራ ጣቱም ደማ።

ሽማግሌው ከእግራቸው ሥር የወደቀ ስንጣሪ አንስተው ማጣበቂያውን በጥፍራቸው ሞከሩት።

«ይዟል» አሉ።

አዲሱን እንጨት ጠጋኙ ሠራው።